ሕዝባዊ ያልኋት ዜማ

የማሲንቆ ጭራ ጥቂት ረገበ ብዬ ልምምድ የማስቆም ሴት ነኝ። ያች ሴት ፊቴ ቆማ «ይችን ዜማ ከማን ወሰዳችኋት?» ስትለኝ መልሱን እያወቅሁ ለምን ዋሸኋት?

ጡረታ ከወጣሁ ዓመት ከመንፈቅ አለፈኝ፤ ጥያቄው ግን አብሮኝ አልተሰናበተም። ፈርተሽ ነው የሚለኝ አይጠፋም። አልፈራሁም። በሥራ ዘመኔ ኃላፊ ፊት ቆሜ «ይህ ስሕተት ነው» ብያለሁ፤ በዚያም ሁለት ጊዜ ከቦታዬ ተነሥቻለሁ። ረስተሽ ነው እንዳልባል፣ ዜማዋን የደረሰችውን ሴት ስም ከነአባቷ፣ የተለቀሰለትን ሟች ስም፣ አገሩን ሳይቀር አውቅ ነበር። ታዲያ ምን ሆኜ ነው? እዚህ ላይ ስደርስ በራሴ እበግናለሁ፤ ከራሴ አልፌም በሌሎች እበግናለሁ። የምጽፈውም በዚሁ ንዴት ነው፤ አንባቢ ለስለስ ያለ ትዝታ ከፈለገ ሌላ ሰው ይፈልግ።

ትምህርት ቤት የገባሁት ዘግይቼ ነው። በአሥራ ሁለት ዓመቴ ዳሩኝ፤ በአሥራ ሰባት ፈትቼ መካነ ኢየሱስ ከተማ አክስቴ ዘንድ ገባሁና አንደኛ ክፍል ተመዘገብሁ። አብረውኝ የሚቀመጡት ጥርሳቸው ገና የሚነቃቀል ሕፃናት ነበሩ፤ «እትዬ» ይሉኛል። አንድ ቀን መምህሩ ሳይመጣ ቢቀር ክፍሉ በሙሉ ወደ እኔ ዞሮ «እትዬ፣ ወደ ቤት እንሂድ?» አለ። «ቁጭ ብላችሁ አንብቡ» አልኋቸው። ቁጭ ብለው አነበቡ። መምህርነቴን የጀመርሁት ያን ቀን ይመስለኛል። እኔም ያመለጠኝን ለመድረስ ያገኘሁትን ሁሉ አነብ ነበር፤ ስኳር የተጠቀለለበት ጋዜጣ እንኳ ሳይነበብ ምድጃ አይገባም። ዘግይቶ የተማረ ሰው አንዲት ፊደል ስትጓደል ያመዋል። የሥራ ባልደረቦቼ «የአንችስ በዛ» ይሉኛል፤ ልክ ሳይሆኑ አልቀሩም።

ከመምህራን ማሠልጠኛ እንደ ወጣሁ ንፋስ መውጫ ተመደብሁና ሙዚቃ አስተምሪ ተባልሁ። ከማሠልጠኛው ይዤው የወጣሁት ኖታ ግማሽ ደብተር አይሞላም ነበር። ሙዚቃ ያስተማሩኝ ጋሽ አየነው ናቸው። በወጣትነታቸው በአንድ የወታደር ኦርኬስትራ ትራምፔት ሲነፉ ኖረው በጡረታ ወደ አገራቸው ጋይንት የተመለሱ ሰው ናቸው፤ የትምህርት ቤቱን የሰልፍ ባንድ በፈቃዳቸው ያሠለጥኑ ነበር። ልምምድ ላይ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አኑረው በሩ ሥር ይቀመጣሉ። ሰው ሲሳሳት አይቆጡም፤ ባርኔጣቸውን አንሥተው ይደፋሉ። ያ ባርኔጣ ራሳቸው ላይ ሲወጣ ሠላሳ ልጅ ባንዴ ዝም ይላል። «ማን እንደሆነ ራሱ ያውቃል። እንደገና!» ይላሉ። ስም ጠርተው ያሳፈሩት ልጅ የለም።

ኖታ ሲያስጽፉኝ ደግሞ መጀመሪያ ዜማውን በጉሮሮዬ ያስብሉኛል። ሦስት ጊዜ ሳላንጎራጉረው እርሳስ አያስጨብጡኝም። ላጲስ በቤታቸው አይገባም፤ አንድ ድምፅ ከተበላሸ ገጹ በሙሉ እንደገና ይጻፋል። «ላጲስ ያለው ሰው ሲጽፍ አይሰማም» ይሉኝ ነበር። እኔ እንደሆነ ገጽ መድገም የማይሰለቸኝ ሰው ነኝ፤ ስለዚህ ተስማማን።

በቤታቸው ብርቅ አድርገው የሚይዙት አንድ ሸክላ ነበር። ልባሱ ሰማያዊ ስለሆነ ሰማያዊው ሸክላ እንለዋለን። እሳቸው ገና ወጣት ሳሉ አሥራ አራት ሰው ሆነው የተጫወቱበት፣ የእኛን ቅኝት ከጃዝ ጋር ያዋሐደ የኦርኬስትራ ሥራ ነው። ሦስተኛ ትራምፔት እሳቸው ናቸው። ዛሬ የከተማ ሰዎች ዋጋ ሰቅለው የሚፈልጉት፣ በየጽሑፉ እንደ ታቦት የሚነሣ ሸክላ ሆኗል። ሁለታችን ግን ቅዳሜ ቅዳሜ እየተቀመጥን እያንዳንዱን መሣሪያ ለብቻው እየለየን ወደ ወረቀት እናወርደው ነበር። የመጀመሪያውን ዜማ ጨርሼ ሳሳያቸው ባርኔጣው ራሳቸው ላይ ወጣ። «ይህን ያህል ከፍ አድርገን አልነፋንም። ከንፈሬ ያስታውሳል» አሉ። ለካ ማጫወቻው ፈጥኖ ስለሚሽከረከር ዜማውን በግማሽ ድምፅ ሽቅብ ይስበዋል። የአርባ ገጽ ሥራ እንደገና ጻፍሁ።

ሸክላውን ገልብጠን የሁለተኛው ፊት መጀመሪያ ላይ ስንደርስ ጋሽ አየነው መርፌውን አነሡት። ያ ዜማ ከስድስቱ ሁሉ ፈጣኑ፣ ሰው ሁሉ እጁን የሚያጨበጭብበት ነው። ልባሱ ላይ «ሕዝባዊ ዜማ» ይላል፤ ከሥሩ የአቀናባሪው ስም በትልቁ ተጽፏል።

«ይች የሰው ናት» አሉኝ።

«የማን?»

«የስማዳዋ የወይዘሮ ማንጠግቦሽ አስረስ ናት። ልጃቸው ደምሴ ሲሞት ያወረዱት ሙሾ ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነበር። አቀናባሪው የኦርኬስትራውን ልጆች «ከየአገራችሁ ዜማ አምጡልኝ» ብሏቸዋል። ጋሽ አየነው ለፈቃድ ሲመጡ የዘመድ ለቅሶ ብለው ስማዳ ይሄዳሉ። እናትየው ለልጃቸው አልቃሽ አላስቆሙም፤ ራሳቸው ቆመው አወረዱ። ጋሽ አየነው ከወንዶቹ ጋር ተቀምጠው፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ከጋቢው ሥር በሲጋራ ፓኮ ላይ ኖታውን ጻፉ። አቀናባሪው ዜማውን ሲያገኝ ፍጥነቱን እጥፍ አድርጎ ለሳክስፎኖቹ ሰጠው።

«የማን ናት ብሎ አልጠየቀኝም፤ እኔም አልነገርሁትም» አሉኝ። «ከለቅሶ ቤት ሰርቄ የወጣሁት እኔ ነኝ። እኔ እንግዲህ ሄጄ ለመናገር ፊት የለኝም። አንች ግን ይህን ሥራ ለሰው የምታሰሚ ከሆነ ስማቸውን ጻፊ። ስማቸውን ሳትጽፊ እንዳታሰሚው።»

«እጽፋለሁ» አልሁ። ጥቂት ዓመት ቆይተው ዐረፉ፤ እኔ ያኔ አርብ ገበያ ተዛውሬ ነበር።

የአርብ ገበያ ዘመኔን አላረዝመውም። ደመወዝ እንደ ደመወዝ ነበር፣ ወረቀቱ እንደ ወረቀት። ከዚያ ወደ መካነ ኢየሱስ ተዛወርሁና በአንድ መሥሪያ ቤት የኪነት ቡድን አዘጋጅ ሆንሁ። ከበላይ «ዘመናዊውን ከባህላዊው ያዋሐደ ሥራ አቅርቡ» የሚል ደብዳቤ ሲመጣ ሌሎች ምን እናቅርብ ብለው ሲጨነቁ እኔ ኖታዬን ከሣጥን አወጣሁ። ሰማያዊውን ሸክላ ከዳር እስከ ዳር፣ በዘጠኝ ሰው።

ያ ሥራ የዕድሜዬ ምርጥ ሥራ ነው፤ ይህን ብናገር እውነት ነው። አሥራ አራቱን ወደ ዘጠኝ ማውረድ ነበረብኝ፤ ሁለት ማሲንቆ፣ ክራርና ባስ ክራር፣ ዋሽንት፣ ከበሮ፣ አኮርዲዮን፣ አንድ ሳክስፎንና አንድ ትራምፔት። ትሮምቦኖቹን ለባስ ክራሩና ለአኮርዲዮኑ ግራ እጅ አካፈልኋቸው። ዋሽንት ነፊው እያንዳንዱ ዋሽንት የራሱ ድምፅ ስላለው አራት ዋሽንት ታጥቆ ይቀመጣል፤ የትኛውን መቼ እንደሚያነሣ ኖታው ላይ በቀይ ጻፍሁለት። ዋናውን የትራምፔት ድርሻ የሰጠሁት ለማሲንቆ ነው። ማሲንቆ መቺው መሰለ ይባላል፤ የስማዳ ሰው ነው፤ ኖታ ማንበብ በስድስት ወር አስተምሬዋለሁ።

«እዚህ ጋ ትንፋሽ ውሰድ» እለዋለሁ።

«ማሲንቆ ምን ትንፋሽ አለው መምህር?»

«ትራምፔቶቹ እዚህ ይተነፍሳሉ። አንተ ካላቆምህ ዜማው ይሮጣል። ደጋኑን አንሣው።»

«እሽ። እንግዲህ ማሲንቆዬ ሳንባ እስኪያወጣ ድረስ እኔው እተነፍስለታለሁ» ይልና ያን ትልቅ ደረቱን ይነፋል፤ ቡድኑ በሳቅ ይፈርሳል። ከዚያ በኋላ ግን አንድም ጊዜ አልሳተም።

ወደ ሁለተኛው ፊት ስንገባ መሰለ አራት መሥመር ተጫውቶ ደጋኑን ጉልበቱ ላይ አጋደመ።

«መምህር፣ ይህ የለቅሶ ነው።»

«በሸክላው ላይ ፈጣን ነው። ቁጥሩን ተከተል።»

«ቢሮጥም ለቅሶ ነው። የማን እንደሆነ አላውቅም፤ ሙሾ መሆኑን ግን ጆሮዬ ያውቃል። በእኛ አገር ሰው ሳይሞት ሙሾ ያንጎራጎረች ሴት ‹ማንን ልትቀብሪ ነው?› ትባላለች። እኛ ጭራሽ ልናስጨበጭብበት?»

«ኖታው ላይ ያለውን ተጫወት መሰለ።»

«ኖታው ልጅ ሞቶበት ያውቃል?»

ስምንቱ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ያኔ ዜማውን ወደ ቀድሞው እርጋታ ልመልሰው እችል ነበር፤ ደግሞስ አዲስ አድርጎ መሥራት ማለት ምን ማለት ነው? ነገር ግን እኔ የተጻፈ ነገር መንካት የማልወድ ሰው ነኝ። ለሸክላው ታመንሁ። «የወይዘሮ ማንጠግቦሽን ስም ከመድረክ አስነግራለሁ፤ በወረቀትም አሰፍራለሁ፤ በዚያ ይካሳል» ብዬ ራሴን አጽናናሁ። መሰለም ኩርፊያውን ውጦ ተጫወተ።

ከበላይ የተላከልን ቅጽ «የዜማው ደራሲ» የሚል ዓምድ አለው። «ወይዘሮ ማንጠግቦሽ አስረስ» ብዬ ሞልቼ ለኃላፊያችን ሰጠሁት። ኃላፊያችን ወጣት ነው፤ ክፉ ሰውም አይደለም። ያ ነው የሚያናድደኝ፤ ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

«ማን ናቸው እኚህ?»

«ዜማውን የደረሱት ሴት ናቸው።»

«ማስረጃ አላቸው?»

«ሞተዋል።»

«ወራሽስ?»

«አላውቅም።»

«እንዴ፣ መምህር! ታዲያ ሕዝባዊ በይው እንጂ። ሸክላው ላይ ያለው እሱ አይደል? የሰው ስም ከገባበት ከበላይ ጥያቄ ይመጣል፤ ፎርማቱ ተመልሶ ይመጣል፤ ልጆቹ ስድስት ወር የለፉበት ሥራ ይቀራል።»

ቅጹን መለሰልኝ። ተቀበልሁት። አዲስ ገጽ አወጣሁና ሰው ሁሉ በሚያደንቀው የእጅ ጽሕፈቴ «ሕዝባዊ» ብዬ ጻፍሁ።

እስቲ ሕዝብ መቼ ተሰብስቦ ነው ዜማ የደረሰው? በየትኛው ስብሰባ፣ በየትኛው ቃለ ጉባኤ? የከተማ ሰው በፒያኖ ሁለት መሥመር ከነካ ስሙ በትልቁ ይጻፍለታል። ስማዳ ላይ አንዲት እናት ሬሳ ፊት ቆማ፣ ሆዷ እየተቃጠለ፣ ቃል ከዜማ አስማምታ ስታወርድ ግን እንደ ምንጭ ውኃ ይቆጠራል፤ ያለፈ ያገደመው ይጠጣል፣ ማን ቆፈረው የሚል የለም። ያች ሴት ቃል መርጣለች። የት ላይ ከፍ፣ የት ላይ ዝግ እንደምትል አስባለች። የደራሲ ሥራ ማለት ሌላ ምንድን ነው? ይህን ሁሉ ያኔም አስበው ነበር፤ ብዕሩ ግን እጄ ላይ ነበር፣ የጻፍሁትም እኔ ነኝ።

ትርኢቱ የቀረበው በመካነ ኢየሱስ አዳራሽ ከሰዓት በኋላ ነው። አዳራሹ ጢም ብሏል፤ ተማሪውም፣ ቢሮ ሠራተኛውም፣ ለጉዳይ ከየወረዳው የመጣው ገበሬም። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ዜማዎች እንዳሰብሁት ሄዱ። አራተኛው ሲጀመር ኃላፊያችን መድረክ ወጥቶ «እጃችሁን!» አለ፤ ጭብጨባው ጣሪያውን አናጋው። እኔ ከጎን ቆሜ ቁጥር እየቆጠርሁ ስለነበር ከኋላ የሆነውን ቶሎ አላየሁም። ያሳየኝ መሰለ ነው፤ በዓይኑ ጠቀሰኝ። ከኋላ ወንበር የተቀመጡት ዕድሜያቸው የገፋ ሴቶች ማጨብጨብ ትተዋል። አንዷ የነጠላዋን ጥለት ወደ ላይ አዞረች፤ እንደ ሐዘንተኛ። ከጎኗ ያለችው አየቻትና እሷም አዞረች። ከዚያ ሦስተኛዋ። ፊት ያለው ያጨበጭባል፣ ኋላ ያለው ያለቅሳል፤ በመካከል የእኔ ዘጠኝ ሰዎች ኖታውን አንዲት ድምፅ ሳያጓድሉ ይጫወታሉ።

ሲያልቅ ያች መጀመሪያ ጥለቷን ያዞረችው ሴት ከመድረኩ ኋላ መጣች። ሰው ልያዝሽ ቢላት ገፍታው ነው የመጣች።

«ይችን ዜማ ከማን ወሰዳችኋት?»

«ከሸክላ ነው» አልኋት።

«ሸክላውስ ከማን ወሰዳት?»

«ሕዝባዊ ዜማ ናት። ባለቤት የላትም።»

«እናቴ ናት ያወረደቻት! ለወንድሜ ለደምሴ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ እግሯ ሥር ተቀምጫለሁ።»

በቀኝ በኩል ኃላፊያችን ቆሟል፤ ከበላይ የመጡት እንግዶች አሉ። ይሁን እንጂ እነሱን አይደለም ያየሁት። የሴትዮዋን ዓይን እያየሁ፣ በረጋ ድምፅ፣ «ተመሳስሎብዎት ይሆናል» አልሁ።



«እንግዲያ ወንድሜንም የወለደው ሕዝብ ነዋ!» አለችና ወጣች።

መሰለ ማሲንቆውን አስቀምጦ ተከተላት። በማግሥቱ የኖታ ወረቀቶቹን አጣጥፎ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረልኝ። «ከእኛው ከስማዳ፣ የወገዳዋ ታንጉት ትባላለች። ወረቀት ማንበብ ስላስተማሩኝ እግዜር ይስጥልኝ» አለኝ፤ ከዚያ ወዲያ ከቡድኑ ጋር አልተጫወተም። ሥራው ተመሰገነ። ስሜ በወርቅ ቀለም የተጻፈበት የምስክር ወረቀት ተሰጠኝ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ከጠረጴዛዬ በላይ ተሰቅሎ ነበር፤ ማውረድ እንዴት አቃተኝ?

ከዚያ በኋላ ዓመታት አለፉ። መንገድ ተዘግቶ ነበር እያልሁ ለራሴ ምክንያት እሰጣለሁ። መንገዱ መዘጋቱ እውነት ነው፤ ከመዘጋቱ በፊት ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ክፍት ነበር።

ስማዳ የወረድሁት ባለፈው ጥር፣ ጥምቀት ካለፈ በኋላ ነው። ታንጉትን አውድማ ላይ አገኘኋት፤ ገብስ ተወቅቶ ሰፌድ ይዛ ታበጥራለች። አወቀችኝ። ሰላምታዬን መለሰች፣ ሰፌዷን ግን አላስቀመጠችም።

«ዋሽቼዎት ነበር» አልኋት። «ዜማዋ የእናትዎ መሆኗን አውቅ ነበር።»

«በይ ቀጥይ፤ ነፋሱ ሳያመልጠኝ» አለች።

እሷ እያበጠረች እኔ ነገርኋት። ጋሽ አየነውን፣ ጋቢውን፣ የሲጋራውን ፓኮ፣ ቅጹን፣ በእጄ የጻፍሁትን። ምንም አላስቀረሁም። ስጨርስ ሰፌዱ ባዶ ነበር።

«ያን ቀን ቤት ስገባ ለታላቅ እህቴ ለብርቄ ነገርኋት» አለችኝ። «‹የእናታችንን ዜማ በሳክስ ሲነፏት ሰማሁ› ብላት ሳቀችብኝ። ‹የእናታችን ዜማ ከእናታችን ጋር ተቀብራለች፤ ጆሮሽን ታመሽ ነው› አለችኝ። ልጆቹም ሳቁ። ብርቄ አምና ሞተች። ያኔ ብትነግሪኝ እንዲያው እንደ እብድ ቆጥራኝ አትሞትም ነበር።»

ነጠላዋን አራገፈች።

«ወረቀቱን ይዘሻል?»

«ይዣለሁ።»

«በይው እስቲ።»

«እዚህ?»

«ምን ነካሽ! እህል ፊት ሙሾ?»

ከካቡ ወዲያ ማዶ፣ ከቤትም ከአውድማም ራቅ ብለን ተቀመጥን። ጥለቷን አዞረች። እኔ ኖታውን ዘርግቼ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ጀመርሁ፤ በሸክላው ፍጥነት ሳይሆን ዝግ ብዬ፣ በግማሹ። እስከ ሦስተኛው መሥመር አደመጠች። አራተኛው ላይ እጇን አነሣች።

«እዚህ ጋ አልወረደችም።»

«ኖታው ይወርዳል።»

«አልወረደችም እልሻለሁ! ‹ደምሴ› ስትል ወደ ላይ ነው የጠራችው። አንገቷን ቀና አድርጋ። እንደዚህ…» አለችና አወጣችው። አንድ ቃል ብቻ። ከካቡ ወዲያ አውድማው ላይ የነበሩት ሰዎች ሥራቸውን አቁመው ወደኛ ዞሩ።

ጋሽ አየነው ከጋቢ ሥር ሆነው ስተዋታል። አሥራ አራት ሰው ሸክላ ላይ ቁልቁል ነፍቷታል፤ እኔ ከሸክላው ቀድቼ ቁልቁል ጽፌያታለሁ፤ ዘጠኝ ሰው አዳራሽ ሙሉ ሕዝብ ፊት ቁልቁል ተጫውቷታል። ያች ድምፅ ይህን ሁሉ ዘመን ሽቅብ ነበረች። እርሳሴን አውጥቼ አረምሁና እንደገና አልሁላት። ራሷን ነቀነቀች። ከገጹ ራስ ላይ የእናቷን ስም ከነአባቷ ጻፍሁና የቱ ጋ እንደሆነ አሳየኋት።

«ይቅር ይበሉኝ» አልሁ።

«ለእኔስ ነገርሽኝ» አለች ተነሥታ ልብሷን እያራገፈች። «ያን አዳራሽ ሞልቶ ያጨበጨበውስ ሰው?»

«እኔ እኮ ጡረታ ወጥቻለሁ።»

«እናቴም ሞታለች» አለችና ወደ ገብሷ ተመለሰች።